ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር፦ ኤል ኤ ኑዋር ላይ ማንን ከሰሳችሁ?

ስለ ኤል ኤ ኑዋር ጌም የከፈትኩት የውይይት ክር ረዝሟል። አዲስ የገባ ሁሉ ላይኛውን ሳያነብ የተመለሰ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የመክፈቻ ጽሑፌን እዚሁ ትቼ፣ ከሥሩ የተባባልነውን በራሴ አፍ ልተርከው። የጌሙን የግድያ ምድብ ያልጨረሳችሁ ግን ከዚህ ተመለሱ። ታሪኩ ይበላሽባችኋል።

መክፈቻ

ኤል ኤ ኑዋር በፈረንጆቹ 2011 የወጣ የመርማሪ ጌም ነው። የሠራው ሲድኒ የነበረው ቲም ቦንዳይ ነው፤ ያሳተመው ደግሞ ሮክስታር። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ዘመኑ 1947። ከኦኪናዋ ጦርነት የተመለሰውን ኮል ፌልፕስን ሆነህ ትጫወታለህ። ከተራ ፖሊስነት ትነሳና ትራፊክ፣ ግድያ፣ ቁማርና ዕፅ፣ ቃጠሎ እያልክ ምድብ ትቀይራለህ። አስከሬን ታገላብጣለህ። ኪስ ትፈትሻለህ። ያገኘኸው ሁሉ ማስታወሻ ደብተርህ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ሰው ፊት ቁጭ ብለህ ትጠይቃለህ። ለእያንዳንዱ መልስ ሦስት ምርጫ አለህ፦ እውነት ነው፣ እጠራጠራለሁ፣ ውሸት ነው። ውሸት ነው ካልክ ማስረጃ ማውጣት ግድ ነው።

እኔን ያንገበገበኝ «ወርቃማው ቢራቢሮ» የሚባለው መዝገብ ነው። አንዲት ሴት ተገድላለች። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ባሏ ሁጎ ሞለር ነው። ደም የነካ ጫማ ጓሮው ውስጥ ሲያቃጥል ይያዛል፤ ሲጠሩት ደግሞ ይሮጣል። ሌላው ኢላይ ሩኒ ነው። ልጆችን በማጥቃት የሚታወቅ ሰው ነው። መኪናው ሲፈተሽ ደም ያለበት ቱታና የጎማ መፍቻ ብረት ይገኛል። ሁለቱም ጣቢያ ገብተዋል። አለቃው ካፒቴን ዶኔሊ ደግሞ ሩኒን ነው የሚፈልገው። ሩኒን ከከሰስክ አምስት ኮከብ ይሰጥሃል። ባልየውን ከከሰስክ ቁጣና ዝቅ ያለ ውጤት። ገዳዩ ግን ሁለቱም አይደሉም!

የኔ አቋም ይህ ነው። ጌሙ የሚሸልመው ጎበዝ መርማሪን ሳይሆን አለቃውን ደስ የሚያሰኝ መርማሪን ነው። እናንተስ ማንን ከሰሳችሁ? ለምን?

ምላሾቹ

ቁጥር 1 ሩኒ ብሎ ብቻ ጽፎ ሄደ። ምክንያት የለው፣ ሰላምታ የለው።

ቁጥር 2 እሱም ሩኒን ነው የከሰሰው፤ ግን ምክንያት አለው። ገዳይ ባይሆንም እንዲህ ያለ ሰው ከመንገድ ላይ ቢነሳ ምን ይጎዳል ባይ ነው። ቁጥር 3 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምትማር ልጅ ናት። ቁጥር 2ን በትሕትና «እርስዎ» እያለች ጠየቀችው። ሰውየው በሌላ ጥፋቱ ይጠየቅ፣ ባልሠራው ግድያ ከተከሰሰ ግን እውነተኛው ገዳይ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል፤ ታዲያ መርማሪ ምን ይሠራል? ቁጥር 2 ተመልሶ ገብቶ፣ ገና ሃያ እንዳልሞላውና «አንተ» ብትለው እንደሚመርጥ ነገራት። ጥያቄውን ግን ዘለለው። እኔ ይህን ታዝቤአለሁ።

ቁጥር 4 እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጌም ቤት ያለው ሰው ነው። ረጅም ጽሑፍ ነው የጻፈው፤ ክሩ ነፍስ የዘራውም ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ቤት ይህን ጌም የሚጫወተው አንድ ሰው አይደለም። አንዱ ጆይስቲክ ይይዛል፣ የቀሩት ከኋላው ወንበር ደርድረው ይፈርዳሉ። እንግሊዝኛው የ1940ዎቹ የመንደር ንግግር ስለሆነ አንድ የሚገባው ልጅ ከጎን ቁጭ ብሎ ይተረጉማል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ተጠርጣሪው መልስ ሰጥቶ ዝም ሲል ቤቱም ዝም ይላል። ከዚያ ከሁሉም አቅጣጫ «ጠርጥር!» የሚል ጩኸት ነው። የመካከለኛዋን ምርጫ ስም አውጥተውላታል፤ ስንጥር ነው የሚሏት። ስሟ ከምን እንደመጣ ለአማርኛ ሰው አይነገርም።

ከዚሁ ሰው ጽሑፍ በጣም የወደድኩት ሌላ ነው። ፍንጭ አጠገብ ስትደርስ ጌሙ ሁለት ነገር ያደርጋል። የፒያኖ ድምፅ ያሰማል፣ ጆይስቲኩም ይንቀጠቀጣል። እሱ ቤት ያሉት ጆይስቲኮች ግን በፊፋ አልቀዋል፤ ንዝረታቸው ሞቷል። ፒያኖው ደግሞ አጠገቡ ባለው ቲቪ የጎል ጩኸት ይዋጣል። ስለዚህ ልጆቹ ወለሉን በዓይናቸው ነው የሚያበጥሩት። ባዶ ጠርሙስ ሳይቀር እያነሱ፣ እያዟዟሩ። እኔ እንዲያውም እውነተኛው አጨዋወት ይህ ይመስለኛል። ባለቤቱ ግን ቅሬታ አለው። ፊፋ በአንድ ጨዋታ ያልቃል፣ ሰው ይቀያየራል፣ ሒሳብ ይገባል። መርማሪው ግን ወንበር ይዞ ከሰዓቱን ይፈጃል። በዚህ ምክንያት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚፈቅደው።

ቁጥር 5 አረመኝ፤ ጨዋ እርማት ነው። ሦስቱ ምርጫዎች እኔ በጻፍኩት ስም የሚገኙት በመጀመሪያው እትም ላይ ነው። በ2017 ለአዳዲሶቹ ማሽኖች ሲወጣ ጥሩ ፖሊስ፣ ክፉ ፖሊስ እና ክሰስ ተብለዋል። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። በቀድሞው እትም አንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት ትንሽ ልጠራጠር ብለህ ስትጫን ፌልፕስ ጠረጴዛ ይደበድብባታል። እኔ የተጫወትኩት የቀድሞውን ነው፤ ጌም ቤቶቻችን ውስጥ የሚዞረውም እሱ ነው።

ቁጥር 6 ስለ ኮከቡ ክርክር የሚነሳው ፊት ማንበብ ከማይችሉ ሰዎች ነው ብሎ ሁላችንንም በአንድ መስመር ጠቀለለን።

እዚህ ላይ ክሩ ፊት ወደ ማንበብ ታጠፈ። ባይታጠፍ ኖሮ ብዙ ይቀርብን ነበር።

ቁጥር 7 የሥነ ልቦና መምህር ነው። የጻፈው ለቁጥር 6 ነው፤ እሱን ግን በስም አልነካውም። በ2006 ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዲፓውሎ የሚባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው መዝነው ነበር። ሰው ያለ ምንም ማስረጃ ውሸትን ከእውነት የሚለየው በአማካይ 54 በመቶ ያህል ሆኖ ነው ያገኙት። ግማሽ በግማሽ ከመገመት ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ በጌሙ ውስጥ ዓይኑን ያንከራተተ ሁሉ ውሸታም መሆኑ የጌም ሕግ ነው እንጂ የሰው ሕግ አይደለም።

ቁጥር 8 ሂርማታ የምትኖር፣ ሕፃናት የምታስተምር እናት ናት። ጌሙን ራሷ አልተጫወተችም። ልጇ ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብላ ቡና ስትጠጣ ነው ያየችው። አንድ ምስክር መልስ ሰጥቶ ወደ መሬት ሲያይ፣ ልጇ ውሸታም ብሎ ሲጮህ ደነገጠች። እኛ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ፊት ዓይናችሁን ስበሩ እያልን ነው የምናሳድገው። አፍጥጦ የሚያየውን ዓይነ ደረቅ እንለዋለን። በጌሙ ሚዛን እሷ ክፍል ያሉት ጨዋ ልጆች ሁሉ ከሳሽ ፊት ቢቀርቡ ይታሰሩ ነበር። ልጇን ለምን እንዲህ እንዳለ ስትጠይቀው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት አየ።

ቁጥር 9 ቆጣ አለ። የሎስ አንጀለስ ሰው ላይ የጅማን ትሕትና አትፈልጉበት፣ ጌሙ ስለ እነሱ ነው እንጂ ስለ እኛ አይደለም ብሎ ጻፈ። ለቁጥር 8 የተጠቀመበት ቃል ጥሩ ስላልነበረ አድሚኑ አንድ መስመር አጥፍቶበታል። ከዚያ ቁጥር 8 በጣም አጭር መልስ ሰጠችው። ሌባ ሲባል ዓይኑ ደረቅ እንደሆነና መልሶ ልብ እንደሚያደርቅ እናቱ ሳይነግሩት እንዳልቀሩ አስታወሰችው። እሱም በኋላ ይቅርታ ጠይቆ «እትዬ» ብሎ ጠርቷታል።

ቁጥር 10 አኒሜሽን የሚሠራ ልጅ ነው። የፊቶቹን ምስጢር ያስረዳን እሱ ነው። ተዋናዩን አንድ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ያስቀምጡትና በ32 ካሜራ ዙሪያውን ይቀርፁታል። ቴክኖሎጂው ሞሽንስካን ይባላል። የሰውነት እንቅስቃሴው ግን ሌላ ቦታ ለብቻው ነው የሚቀረፀው። አንዳንዴ ጭንቅላቱ ሕይወት ዘርቶ ትከሻው ደርቆ የምናየው ለዚህ ነው። አክሎም ተዋናዮቹ የሚዋሹ ሰዎችን ስለሚተውኑ፣ ውሸታቸው እንዲታይላቸው ሆን ብለው አጋነውታል ይላል። ይህ የቁጥር 7ን ነጥብ ያጠናክራል። ሰውየው ሲዋሽ አይደለም የምታየው፤ ውሸታም ሆኖ ሲተውን ነው።

ከ11 እስከ 13 ያለውን አላብራራም። ቁጥር 11 የገዳዩን ስም በደማቅ ፊደል ጻፈው። እኔም ስሙን እዚህ አልደግመውም። ቁጥር 12 ጌሙን እንደጀመረ ነበር፤ ምን እንዳለው መገመት ትችላላችሁ። ቁጥር 11 የ2011 ጌም ምን ምስጢር አለው ብሎ ተከራከረ። ቁጥር 13 የሌላ ሰው 2011 የኛ ዘንድሮ ሊሆን እንደሚችል አስረዳው፤ እዚህ ጌም የሚደርሰን ሰው ከሰው በሃርድ ዲስክ ሲቀባበለው ነው።

ቁጥር 14 ከሁሉም የበለጠው ምላሽ ነው፤ ለኔ። ጋሼ ብለን የምንጠራቸው ጡረተኛ ናቸው፤ ልጃቸው ነው የሚጽፍላቸው። ወርቃማው ቢራቢሮ ሲተረክላቸው ሌባሻይን አስታወሳቸው። ለማያውቅ ሰው፦ ድሮ ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል። ወገቡን በመቀነት ይዘው ይከተሉታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ይከፍላል። ልጁ ሌባውን አያውቅም። መቀነቱን የያዘው ሰው ግን የማንን ቤት እንደሚጠላ ያውቃል። ጋሼ እንደሚሉት ፌልፕስ መድኃኒት የጠጣው ልጅ ነው፣ መቀነቱን የያዘው ካፒቴኑ ነው።

ቁጥር 15 ሌባሻይ የጅማ ልማድ አይደለም፣ እዚህ ነገር የሚታየው በሽማግሌ ነው ብሎ ተነሳ። ቁጥር 16 ጋሼ ራሳቸው ናቸው። የጅማ ነው እንዳላሉ፣ እሳቸው ያደጉበት አገር ሌላ እንደሆነና ልማዱም ከቀረ ብዙ ዘመን እንደሆነው ገለጹ። ቁጥር 17 ነገሩን ለማብረድ ሁለቱንም አመሰገነ። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አይጠፋም።

ከዚያ ወሬው ጠፋ። ቁጥር 18 እንዲህ ያለ ጌም ጅማ ላይ ቢሠራ ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ መርማሪውን ያስታወሰ የለም። ዝናቡ አለ። ፈረንጅ አራዳ የጣልያን ዘመን ሕንፃዎች አሉ፤ ማታ ላይ ግድግዳቸው ረጥቦ ሲያብለጨልጭ ሌላ ማስጌጫ አይፈልግም። አስከሬኑ ከአዌቱ ድልድይ ሥር ይገኛል። ሟቹ የቡና ደላላ ነው። ኪሱ ውስጥ የናሙና ከረጢት አለ፤ ፍሬው ጥርት ያለ ነው። መጋዘን የተቆለለው ጆንያ ሲከፈት ግን ሌላ ቡና ነው። ይህን የጻፈው ልጅ ይህን ሐሳብ ይዞ አንድ ቦታ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ቁጥር 19 ማሳደዱ በባጃጅ መሆን አለበት አለ። ኮፍያው ደግሞ በጅማ ዝናብ አያዋጣም፤ መርማሪው ጃንጥላ ይያዝ። ቁጥር 20 ከመርካቶ ቀና ሲሉ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይታያል ብሎ ጻፈ። ቁጥር 21 ቤተ መንግሥቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ላይ እንደሆነና ቁጥር 20 ጅማን በጉግል እንደሚያውቃት ጠቆመ፤ ትንሽ መረር ባለ ቃል። የአባ ጅፋር ስም ሲነሳ ቁጥር 22 ወደ ኳስ ገባ። ጅማ አባ ጅፋር በእኛ አቆጣጠር በ2010 ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳበትን ቀን መተረክ ሲጀምር ጣልቃ ገብቼ ለኳስ ሌላ ክር እንዲከፍት ለመንኩት።

ቁጥር 23 ወደ ጌሙ መለሰን፤ ግን ጠብ ይዞ ነው የመጣው። ኤል ኤ ኑዋር በራሱ ነው ሴቭ የሚያደርገው፤ አንተ በፈለግከው ቦታ ማስቀመጥ አትችልም። ጥያቄ ላይ ተሳስተህ መብራት ከጠፋ ግን ጥያቄው እንደ አዲስ ይጀምርልሃል። ቁጥር 23 ይህን በረከት አድርጎ ነው ያቀረበው። ጌም ቤት ውስጥ ሁለት መልስ ሲበላሽበት መብራቱ «በአጋጣሚ» ሲጠፋ እንደኖረ በኩራት ጻፈ። ቁጥር 24 የጌም ቤቱ ባለቤት ነው፣ ያው ቁጥር 4። የፕሌይስቴሽኑን መሰኪያ በእግሩ ሲነቅል የኖረው ማን እንደሆነ ያወቀው ገና አሁን ነው። እስከዚያ ድረስ ጨዋ ነበር። የጻፈውን ሁሉ እዚህ መድገም አይቻልም። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ጥገና መግባቱን ግን ነግሮናል። ቁጥር 25 ከነዚያ ወንበር ከደረደሩት አንዱ ይመስለኛል። ነገሩን ሁሉም ያውቅ እንደነበር አጋለጠ። ምስክር ሳይጠየቅ የተናዘዘበት ብቸኛው ምርመራ ይህ ነው።

ቁጥር 26 ትዕግስት ያለው ሰው ዲስኮ ኤሊሲየምን ይሞክር አለ። የ2019 ጌም ነው። ማን እንደሆነ የማያስታውስ ሰካራም መርማሪ ሆነህ ትነቃለህ። 24 ችሎታዎች ጭንቅላትህ ውስጥ ይጨቃጨቃሉ፤ ክራቫትህ ሳይቀር ያወራሃል። ዕድልህን ዳይስ ይወስነዋል፣ ብትወድቅም ታሪኩ በወደቅክበት በኩል ይቀጥላል። ኮከብ የሚሰጥህ አለቃ የለም። ቁጥር 27 ከሚሊዮን ቃል በላይ እንግሊዝኛ ማንበብ ጨዋታ አይደለም፣ ፈተና ነው ብሎ ዘጋው። ቁጥር 28 ደግሞ ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲንን አነሳ። ስልሳ ሰዎች መርከብ ላይ ምን እንዳገኛቸው ታጣራለህ። ትክክል መሆንህ የሚነገርህ የሦስት ሦስት ሰው መልስ ስታገኝ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በግምት አታልፍም። መርማሪ ማለት እሱ ነው ይላል። በዚህ በዚህ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ለስልሳ ሰው የሚሆን ደብተር ማዘጋጀት ነው የቸገረኝ።

ቁጥር 29 ሕግ ተማሪዋ ናት፤ ተመልሳ መጣች። ጌሙን ሁለተኛ ጀምራ፣ በዚህኛው ባልየውን ከስሳለች። ካፒቴኑ ተቆጣት። ኮከቡ ወረደ። ከዚያ ቀጣዩ መዝገብ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈተ። ሁለቱንም የምትለቅበት ምርጫ ፈልጋ አጣች። ማስረጃው አይበቃም የምትልበት በር የለም። እሷን ያስቆጣት ኮከቡ አይደለም፣ ይህ በር መታጣቱ ነው።

ቁጥር 30 ለመክፈቻ ጽሑፌ የተሰጠው ጠንካራ ተቃውሞ ነው። የግድያ ምድቡ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ገዳይ ይታወቃል። ግን የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ዘመድ ስለሆነ ነገሩ ይዳፈናል። በስህተት የታሰሩት በጓሮ በር ይለቀቃሉ፤ ጋዜጣ ላይ ምንም አይወጣም። ስለዚህ ጌሙ አለቃ ማስደሰትን እየሸለመ አይደለም፣ መበስበሱን እያሳየን ነው። አምስቱ ኮከብ የታሪኩ አካል ነው። ኑዋር ማለትም ይኸው ነው፤ መርማሪው ያሸነፈ መስሎት ይሸነፋል።

መልሴን እዚያው ሰጥቼዋለሁ። ታሪኩ ላይ እንስማማለን። ኮከቡን የሚሰጠኝ ግን ዶኔሊ አይደለም። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ፣ ከታሪኩ ውጭ ባለ ገጽ ላይ፣ ጌሙ ራሱ ነው የሚሰጠኝ። ጥያቄዎቼን ስንቱን መለስኩ፣ ፍንጭ ስንቱን አገኘሁ ከሚለው ጋር አንድ ላይ። ካፒቴኑ ቢያመሰግነኝና ጌሙ ዝም ቢለኝ ኖሮ ቁጥር 30 ትክክል ነበር። መበስበሱን እያሳየኝ ውጤቱን በራሱ ማኅተም የሚያጸድቅ ከሆነ፣ እኔ ጣቴን ወደ እሱ ነው የምቀስረው። ቁጥር 30 አልተዋጠለትም። እኔም አልተዋጠልኝም። በዚሁ ተላልፈናል።

ቁጥር 31 ይህ ሁሉ ትንታኔ ለአንድ ጌም ነው ወይ፣ ሥራ ፈቶች ብሎን ሄደ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ተመልሶ መኪናውን ራሱ መንዳት ግድ እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 32 ቁልፉን ተጭኖ ከያዘ ባልደረባው እንደሚነዳለት መለሰለት።

ቁጥር 33 ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም ስላለው ይችለው እንደሆነ ይጠይቃል። የጌም ቤቱ ባለቤት ራሙ እንደሚበቃ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ግን 16 ጊጋ ያህል ክፍት ቦታ እንደሚያስፈልግ ነገረው። ጌሙን ገልብጦ ለመውሰድ ደግሞ 16 ተብሎ የተጻፈበት ፍላሽ ሙሉ 16 ስለማይዝ ባለ 32 ይዞ ይምጣ። ፋት 32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል፣ አስቀድሞ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ያድርገው። ከፎርማቱ በፊት ውስጡ ያለውን ፎቶ ማውጣት እንዳይረሳም አስጠንቅቆታል።